የቃላት ሚዛን፦ የስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ

በጅቡቲ ከተማ አንድ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ አራት ቋንቋ ቢያፈራርቅ የሚደነቅ የለም። በቤቱ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ፣ በመሥሪያ ቤቱ ፈረንሳይኛ፣ በመስጊዱ ዐረብኛ ይሰማል፤ ጭነት ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሱት ሾፌሮች በሚያርፉበት ስፍራ ደግሞ አማርኛ አይጠፋም። በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ስም ያለው፣ ቀትር ላይ በጉጉት የሚጠበቀው ጫት በስክራብል ገበታ ላይም ስፍራ አለው። በፈረንሳይኛው ስክራብል ይህ ስም በ«ኬ»፣ በ«ኤች»፣ በ«ኤ» እና በ«ቲ» ሲጻፍ 16 ነጥብ፣ በ«ኪው»፣ በ«ኤ» እና በ«ቲ» ሲጻፍ 10 ነጥብ ያስገኛል። በእንግሊዝኛው ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው አጻጻፍ 11፣ ሁለተኛው 12 ነጥብ ይሆናል።

ቅጠሉ አንድ፣ ትርጉሙም አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው ለምን ተለያየ? ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚህ ጨዋታ የሚመዘነው ነገሩ ሳይሆን ፊደሉ ነው። የትኛው የፊደል ድርድር «ቃል» ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው። የስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ዝርዝር ታሪክ ነው።

ከኒውዮርክ እስከ ካን

የጨዋታው ፈጣሪ አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ሲያሳጣው ጋዜጦችን ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቆጠረ። አዘውትሮ ለሚገኘው ፊደል ብዙ ጠጠርና ዝቅተኛ ነጥብ፣ እምብዛም ለማይገኘው ጥቂት ጠጠርና ከፍተኛ ነጥብ ሰጠ። በ1948 ጄምስ ብሩኖት የተባለ ሰው ጨዋታውን «ስክራብል» ብሎ ለገበያ አቀረበው። 225 ካሬ ቤቶች ያሉት ገበታ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲሻገር የጠጠሮቹ ቁጥርና ነጥብ በየቋንቋው ጠባይ ተስተካከለ። «ኬ» በእንግሊዝኛ 5፣ በፈረንሳይኛ 10 ነጥብ የሆነው በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ውስጥ ብርቅ ስለሆነ ነው።

በዓለም ሻምፒዮና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ቀድመዋል። ቤልጂየማዊው ጠበቃ ኢፖሊት ዉተርስ የዕድልን ድርሻ ከጨዋታው የሚያስወግድ «ዱፕሊካት» የተባለ ሥርዓት አመጣ። በዚህ ሥርዓት ለተወዳዳሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመሳሳይ ፊደላት ይጠሩላቸዋል። እያንዳንዱ በተወሰኑ ደቂቃዎች ውስጥ የመረጠውን ቃል በወረቀት ጽፎ ለዳኛ ይሰጣል፤ ከዚያም ከፍተኛ ነጥብ የሚያስገኘው ቃል በሁሉም ገበታ ላይ ይሰፍርና ጨዋታው ይቀጥላል። መጥፎ ፊደል ደረሰኝ ብሎ ማማረር አይቻልም፤ በአንድ አዳራሽም በመቶ የሚቆጠር ሰው ሊወዳደር ይችላል። የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮና በ1972 በካን ከተማ ተካሄደ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚገጥሙበት የተለመደው ጨዋታ ከዚህ ሻምፒዮና ጋር የተዋሐደው ብዙ ዘግይቶ፣ በ2006 ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ያካሄዱት በ1991 በለንደን ሲሆን፣ ያሸነፈው ለአሜሪካ የተጫወተው ፒተር ሞሪስ ነበር። ለመዘግየታቸው ከሚጠቀሱት እንቅፋቶች አንዱ የዝርዝር ጉዳይ ነው፤ አሜሪካና ብሪታንያ የየራሳቸው የቃላት መጽሐፍ ነበራቸው። በአንዱ ዘንድ ቃል የሆነው በሌላው ዘንድ ስሕተት ነበርና፣ መፍትሔው የሁለቱንም ቃላት መቀበል ሆነ። በፈረንሳይኛው ወገን ደግሞ ዳኞች ለዓመታት የሚመሩት በላሩስ መዝገበ ቃላት ነበር፤ በ1990 ለጨዋታው ብቻ የተዘጋጀ ይፋዊ የቃላት መጽሐፍ ወጣ። ዝርዝሩ ግን የረጋ አይደለም። በ2021 ሰውን የሚያዋርዱ በመቶ የሚቆጠሩ ቃላት ከእንግሊዝኛው ዝርዝር እንዲወጡ ሲደረግ በተጫዋቾች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቷል።

የውጭ ሰዎች ድል

ዝርዝሩ አንዴ ከታወቀ ጨዋታው የቋንቋው ባለቤቶች ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2003 በኳላ ላምፑር የእንግሊዝኛውን ሻምፒዮና ያሸነፈው ታይላንዳዊው ፓኑፖል ሱጃያኮርን ነበር። 2015 ደግሞ ሁለት አስደናቂ ድሎች የታዩበት ዓመት ነው። በሐምሌ ወር በቤልጂየም የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ የጋቦኑን ሼሊክ ኢላጉ ሬካዌን ረትቶ የፈረንሳይኛው ሻምፒዮን ሆነ። ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ መናገር አይችልም፤ የቃላቱን ዝርዝር በጥቂት ሳምንታት አጥንቶ ነበር የመጣው። በኅዳር ወር በአውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂገሬ የእንግሊዝኛውን ዋንጫ በማንሣት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያውያን ረዣዥም ቃል ከማሳደድ ይልቅ አጠር ያሉትን ቃላት በሚገባ ማወቅን ስልታቸው ማድረጋቸው በወቅቱ ብዙ ተጽፎለታል።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ አፍሪካም ከተወዳዳሪነት አልፋ አስተናጋጅ ሆናለች፤ ሻምፒዮናው በ2008 በዳካር፣ በ2016 በአጋዲር ተካሂዷል። ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ በሆነባት ጅቡቲም ለተማሪ ቅርብ የሆነው በር ይኸው የፈረንሳይኛው ነው።

ገበታና ፊደል

የኢትዮጵያ ቃላት በዚህ በር ከገቡ ቆይተዋል። «ንጉሥ»፣ «ራስ» እና «ብር» በእንግሊዝኛውም በፈረንሳይኛውም ዝርዝር አሉ፤ «ጤፍ»ም በእንግሊዝኛው ተመዝግቧል። የገቡት ግን በላቲን ፊደል፣ ሌሎች በወሰኑላቸው አጻጻፍ ነው። ታዲያ አማርኛ በራሱ ፊደል ለምን ገበታ አይዘረጋም?

የመጀመሪያው ችግር ቁጥር ነው። የእንግሊዝኛው ስክራብል 100 ጠጠሮች አሉት፤ የአማርኛ ፊደል ግን ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጠጠር ብቻ ቢሰጥ እንኳ ከረጢቱ ሞልቶ ይፈስሳል። ሁለተኛው የቋንቋው ጠባይ ነው። እንግሊዝኛ ተጫዋች ገበታ ላይ በሰፈረ ስም መጨረሻ አንዲት «ኤስ» ጨምሮ ብዙ ቁጥር ያደርገዋል። «ቤት» ግን «ቤቶች» ሲሆን «ት» ራሷ ወደ «ቶ» ትለወጣለች፤ የተቀመጠውን ጠጠር ሳያነሡ ቃሉን ማስረዘም አይቻልም። በዚያ ላይ «አልመጣንላቸውም» እንደሚለው ያለ፣ በሌላ ቋንቋ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚሆን ሐሳብ በአማርኛ አንድ ቃል ነው። ዝርዝሩ የቱ ላይ ያበቃል?

ሦስተኛውና ከባዱ የአጻጻፍ ስምምነት ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲሉ የጀመሩት በዐይኑ «ዐ» ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ «አዲስ» ብሎ በአልፋው «አ» ይጽፋል። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ይህ አንባቢን አያደናግርም። በገበታ ላይ ግን ሁለቱ የተለያዩ ጠጠሮች ናቸውና፣ ዳኛው አንዱን «ቃል»፣ ሌላውን «ስሕተት» ማለት ወይም ሁለቱንም ማጽደቅ ግዴታው ይሆናል። የ«ሀ»፣ የ«ሐ» እና የ«ኀ»፣ የ«ሰ» እና የ«ሠ»፣ የ«ጸ» እና የ«ፀ» ነገርም እንዲሁ ነው።

እርግጥ ነው፣ አማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ የቃል ውድድር አያጣም። የቅኔ ቤት ተማሪ በቃል ብልጫ የሚያሳየው ከሰሙ ሥር ወርቁን በመቅበር ነው፤ አድማጩ ሁለተኛውን ትርጉም ካላገኘ ቅኔው ተሰማ አይባልም። ስክራብል በተቃራኒው ትርጉምን ጨርሶ አይጠይቅም፤ የሪቻርድስ ድል ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም። ይሁን እንጂ ትርጉም የማይጠይቀው ጨዋታ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል፤ የቋንቋው ባለቤቶች ቃላቸውን ቆጥረው፣ አጻጻፉን ተስማምተው ማስቀመጣቸውን።

ሥራው ጨርሶ ያልተጀመረ አይደለም። ከጅቡቲ በሚነሣው የባቡር ሐዲድ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ፣ የአባ ቤትማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 ታትሟል። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ተከትለዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለመጀመሪያው ሻምፒዮናቸው ሁለት መጻሕፍትን ማስታረቅ ግድ ሆኖባቸው ነበር፤ በአማርኛ ደግሞ የሚታረቁት መጻሕፍት ከዚያ ይበዛሉ።