ጥፋቱ የማን ነው? የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ደኅንነትና የተወዳዳሪው ኃላፊነት በታሪክ ሲታይ

አንድ የተጎዳ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ አምጪዎቹ አስቀድመው የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ የጥፋተኛውን ማንነት ነው። «ሲከንፍ ወድቆ ነው»፣ «ራሱ ያመጣው ነው» ይላሉ። የሕክምና ባለሙያውም ቃሉን በሕሙሙ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፤ አንዳንዴም ሳይመረምር እንደ ምክንያት ይቀበለዋል። ይህ አባባል የቱን ያህል እውነት እንደ ሆነ፣ የቱንስ ያህል እውነትን እንደሚሸፍን ለመመርመር የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ታሪክ መልካም መስክ ነው። ተወዳዳሪው አደጋውን ዐውቆና ፈቅዶ የሚገባበት ስፖርት በመሆኑ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ከሌላው ሥፍራ ይልቅ እዚህ ይቀላል። በፈቃዱ ለገባ ሰው የደረሰበት ጉዳት በደል አይባልም የሚለው የጥንት ሮማውያን የሕግ መርሕም ለዚህ አስተሳሰብ ድጋፍ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ የሚከተለው ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የሞት ቁጥር የቀነሰው ተወዳዳሪውን በመውቀስ ብቻ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ሐኪም ቆብ

በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ የተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ የተከፈተው በ1907 ዓ.ም. ነው። ለሞተር ተሽከርካሪዎች ውድድር ተብሎ ከተሠሩት ሜዳዎች የመጀመሪያው ሲሆን ወለሉ ከኮንክሪት የተሠራ ነበር። የሜዳው ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤሪክ ጋርድነር ከራስ ቅል ጉዳት ጋር የሚመጡላቸውን ሞተረኞች ደጋግመው አስተዋሉ። ሌላው ሰው «የስፖርቱ ዕጣ ነው» ብሎ የሚያልፈውን እርሳቸው እንደ በሽታ ቈጠሩት። በመሆኑም ከሸራና ሼላክ ከተባለው ሙጫ የተሠራ ጠንካራ ቆብ አዘጋጅተው የእንግሊዝ የሞተር ሳይክል ማኅበር ለነበረው ለአውቶ ሳይክል ዩኒየን አቀረቡ። ማኅበሩ በመጀመሪያ ሐሳቡን ባይወደውም ኋላ ተቀብሎ፣ በ1914 ዓ.ም. በማን ደሴት በተካሄደው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር ላይ ቆቡን ግዴታ አደረገው። ከውድድሩ በኋላ ከደሴቲቱ ሐኪም ለዶክተር ጋርድነር የደረሳቸው ደብዳቤ፣ በየዓመቱ ከውድድሩ በኋላ ይታዩ የነበሩት የአንጎል መናወጥ ሕሙማን በዚያ ዓመት እንዳልታዩ የሚገልጽ ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ1914 ዓ.ም. የተወዳደሩት ሰዎች ከቀደሙት ይልቅ ጥንቁቆች አልነበሩም። ፍጥነታቸውም አልቀነሰም። የተለወጠው በራሳቸው ላይ የደፉት ነገር ብቻ ነበር።

ከሜዳው ወደ ጎዳናው

የጋርድነር ቆብ በእሽቅድምድም ሜዳ ቢወሰንም ወደ ተራው ጎዳና ለመውጣት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በግንቦት ወር 1935 ዓ.ም. «የዐረቡ ሎውረንስ» በሚል ስም የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎውረንስ በብስክሌት ይጓዙ የነበሩ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተር ሳይክሉ ላይ ወደቀ። የራስ መከላከያ ቆብ አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላም ዐረፈ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ በአውስትራሊያ የተወለዱት የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነበሩ።

ኬርንስ ሊያድኑት ያልቻሉትን ሕመምተኛ ትተው ገና ያልተጎዱትን ለማዳን ተነሡ። በ1941 ዓ.ም. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጽሑፍ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ባሉት 21 ወራት ውስጥ በብሪታንያ መንገዶች ላይ 2,279 ሞተረኞችና ከኋላቸው የተቀመጡ ሰዎች መሞታቸውን አመለከቱ። ቆብ አድርገው ጉዳት ከደረሰባቸው መካከል እርሳቸው ያዩዋቸው ሰባት ብቻ ሲሆኑ፣ ሰባቱም ከሞት ተርፈዋል። ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም አመላካች ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የብሪታንያ ጦር ሠራዊት ሞተረኞቹ ሁሉ ቆብ እንዲያደርጉ አዘዘ፤ ኬርንስም በ1946 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የሟቾች ቁጥር ከዚያ ወዲህ መቀነሱን አሳዩ። በብሪታንያ ሕጉ ለሕዝቡ ሁሉ የጸናው ግን በ1973 ዓ.ም. ነው። ኬርንስ ካረፉ 21 ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር።

ዛሬ ማስረጃው የተሟላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮክሬን ግምገማ የራስ መከላከያ ቆብ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ሜዳው ራሱ ሲገድል

ቆቡ የራስን ቅል ቢጠብቅም ግንብን ከመንገድ ዳር አያነሣም። ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ ውድድር የሚካሄድበት የማን ደሴት የተራራ መንገድ ርዝመቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በቤቶች፣ በድንጋይ ካቦችና በዛፎች መካከል የሚያልፍ ተራ ጎዳና ነው። እስከ ዛሬ ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተውበታል። በ1972 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዚያ ሲሞት፣ የዘመኑ ታላቅ ሻምፒዮንና የሟቹ ወዳጅ ጃኮሞ አጎስቲኒ ዳግመኛ በዚያ ላለመወዳደር ወሰነ። ሌሎችም ተከተሉት። ከ1976 ዓ.ም. በኋላ ውድድሩ የዓለም ሻምፒዮና አካል መሆኑ ቀረ፤ ሆኖም ለሚፈቅዱት ሁሉ እስከ ዛሬ ይካሄዳል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው በግንቦት 20 ቀን 1973 ዓ.ም. በጣሊያን ሞንዛ የደረሰው ነው። በ250 ሲሲ ውድድር የመጀመሪያ ዙር ሬንዞ ፓሶሊኒ ኩርቫ ግራንዴ በተባለው ጠምዛዛ ላይ ወደቀ። ከኋላው ይከተል የነበረው የፊንላንዱ የዓለም ሻምፒዮን ያርኖ ሳሪነንም ሊያመልጥ አልቻለም። ሁለቱም ሞቱ፤ ከእነርሱ ሌላ ከዐሥር የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች ወደቁ። ስለ ምክንያቱ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። አንዳንዶች የፓሶሊኒ ሞተር ድንገት ስለ ደረቀ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ቀድሞ ከተካሄደው ውድድር የፈሰሰ ዘይት በመንገዱ ላይ ስለ ቀረ ነው ይላሉ።

ነገር ግን ጥያቄውን በሐኪም ዐይን ስንመለከተው መልኩ ይለወጣል። የወደቀበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ ጠምዛዛ መንገዱን ተጠግቶ የቆመ የብረት አጥር ነበር። አጥሩ የተተከለው ለመኪና ነው። መኪናን አግቶ የሚያድን ብረት ግን የሞተረኛን ሥጋ ይቈርጣል፤ የወደቀውንም ሞተር ሳይክል ወደ መንገዱ መልሶ በሌሎች ላይ ይወረውራል። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ በዚያው ጠምዛዛ ሦስት ሌሎች ተወዳዳሪዎች ሞቱ። የመጀመሪያው ሞት የተወዳዳሪው ወይም የሞተሩ ጥፋት ነው ቢባል፣ ከሁለተኛው ሞት በፊት አጥሩን ያላነሣው ማን ነው?

ይህን አስተሳሰብ በሥርዓት ያስቀመጡት አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃደን ናቸው። እርሳቸው ጉዳትን እንደ ተላላፊ በሽታ ሦስት ገጽታ ሰጡት፤ ይኸውም ሰውየው፣ ተሽከርካሪውና አካባቢው ነው። ጊዜውንም ከአደጋው በፊት፣ በአደጋው ወቅትና ከአደጋው በኋላ ብለው ከፈሉት። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ «የሾፌሩ ጥፋት» ከዘጠኙ ሣጥኖች አንዱን ብቻ ይሞላል። የቀሩት ስምንቱ የሌሎች ሰዎች ሥራ ናቸው።

ሕክምናው ወደ ሜዳው ሲወርድ

ከአደጋው በኋላ ያለውን ሣጥን ለመሙላት የተነሡት ጣሊያናዊው ሐኪም ክላውዲዮ ኮስታ ነበሩ። ያቋቋሙት «ክሊኒካ ሞቢሌ» የተባለ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ በግንቦት 1 ቀን 1977 ዓ.ም. በኦስትሪያ ሳልዝቡርግሪንግ ሥራ ጀመረ። በዚያው ቀን ከባድ ግጭት ደርሶ የስዊዙ ተወዳዳሪ ሃንስ ሽታደልማን ሞተ። ሌሎች ቁስለኞች ግን በሥፍራው ርዳታ አገኙ። ብዙ ተወዳዳሪዎች ከዚያ ወዲያ በዕለቱ አንወዳደርም አሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ተወዳዳሪዎች አደገኛ ባሉት ሜዳ ላይ ለመውጣት እምቢ ማለታቸው ተደጋገመ፤ በ1979 ዓ.ም. በቤልጂየም ስፓ፣ በ1982 ዓ.ም. በፈረንሳይ ኖጋሮ የሆነው ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ መንገድ የተወዳዳሪው ኃላፊነት አዲስ ትርጉም አገኘ። በጥንቃቄ ከማሽከርከር ሌላ፣ ስለ ሜዳው አደገኛነት መናገርም ግዴታው ሆነ።

በሚያዝያ ወር 2003 ዓ.ም. ጃፓናዊው ዳይጂሮ ካቶ በሱዙካ ሜዳ ከአጥር ጋር ተጋጭቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዐረፈ። አጥሩ ለመንገዱ የቀረበ መሆኑ ብቻ አልነበረም ያስወቀሰው። ውድድሩ ሳይቋረጥ የአንገት አከርካሪ ጉዳት የሚጠረጠርበት ሰው ከወደቀበት በጥድፊያ መነሣቱም ብርቱ ትችት አስነሥቷል። አንገትን ሳያጸኑ ሕመምተኛን ማንሣት ምን እንደሚያስከትል ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ የሞቶ ጂፒ ውድድር ወደ ሱዙካ አልተመለሰም። በዚያው ዓመትም ተወዳዳሪዎች ከአዘጋጆቹ ጋር ተቀምጠው ስለ ሜዳዎቹ የሚመክሩበት የደኅንነት ኮሚሽን ተቋቋመ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ብዙዎች ናቸው። ሰፋፊ የማምለጫ ሜዳዎችና በአየር የተሞሉ መከላከያዎች ተስፋፉ። ሲወድቅ በራሱ የሚነፋ የአየር ከረጢት ያለው ልብስ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሞቶ ጂፒ ውድድር ግዴታ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በባርሴሎና ሜዳ ስፔናዊው ሉዊስ ሳሎም ሲሞት የውድድሩ መንገድ በማግሥቱ ተለወጠ። የሞንዛን ሁለት ወር ከዚህ አንድ ቀን ጋር ማነጻጸር የአስተሳሰቡን ለውጥ ያሳያል።

የተወዳዳሪው ድርሻ

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ተወዳዳሪው ከኃላፊነት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በራሱ ሕይወት ላይ የመፍረድ መብት ቢኖረው፣ በአጠገቡ ባለው ሰው ሕይወት ላይ ግን የለውም። ዘይት እያፈሰሰ የሚቀጥል፣ ቢጫ ባንዲራ እየተውለበለበ ፍጥነቱን የማይቀንስ፣ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ድንገት ወደ ጎረቤቱ የሚታጠፍ ተወዳዳሪ ለሌላው ያው እንደ ብረት አጥሩ ነው። በዚህም ምክንያት በ2013 ዓ.ም. የቅጣት ነጥብ ሥርዓት ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. በማሌዢያ ሴፓንግ ቫለንቲኖ ሮሲ ከማርክ ማርኬዝ ጋር በመጋጨቱ ሦስት ነጥብ ተቀጥቶ የዓመቱን የመጨረሻ ውድድር ከሁሉም ኋላ ሆኖ ጀምሯል። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦስቲን ደግሞ አንድ ወጣት ተወዳዳሪ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ከመስመሩ በመውጣቱ ሌሎች ስለ ወደቁ ከሁለት ውድድሮች ታግዷል።

በዚያው ዓመት በታዳጊዎች ውድድሮች ላይ ሕፃናት ሊባሉ የሚችሉ ተወዳዳሪዎች ሞቱ። የ15 ዓመት ልጅ አደጋውን ዐውቆና ፈቅዶ ገባ ማለት እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። ስለዚህም ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓለም ሻምፒዮና ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆን ተወሰነ። ኃላፊነትን ለመሸከም አስቀድሞ ለመወሰን የሚያበቃ አእምሮ ያስፈልጋልና።

የሐኪሙ ፊርማ

በመጨረሻ ወደ እኛ ሙያ እንመለስ። በሐምሌ 19 ቀን 2020 ዓ.ም. ማርክ ማርኬዝ በስፔን ኸሬዝ ወድቆ የቀኝ ላይኛ ክንዱ አጥንት ተሰበረ። ከሁለት ቀን በኋላ በቀዶ ሕክምና የብረት ሰሌዳ ተደረገለት። በዚያው ሳምንት የሕክምና ምርመራ አልፎ ለመወዳደር ተፈቀደለት፤ ቅዳሜ ዕለት ሞክሮም ተወው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰሌዳው በመጎዳቱ በነሐሴ መጀመሪያ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አጥንቱ ሳይገጥም ቀርቶ በታኅሣሥ ወር ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ኢንፌክሽን መኖሩ ታወቀ፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ አራተኛው ተከተለ።

ተወዳዳሪው መመለስ ፈልጎ ነበር፤ ይህም ከእርሱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን «ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርመው ሐኪም እንጂ ተወዳዳሪው አይደለም። የሕመምተኛው ጉጉት የሐኪሙን ፍርድ ሊተካ አይገባውም። በዚህ ረገድ ሐኪሙ ራሱ ከሃደን ሣጥኖች በአንዱ ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ ለየዕለቱ ሥራችን የሚተርፍ ነገር አለ። ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡልን ሞተረኞች የሞንዛ ተወዳዳሪዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ በሞተር ሳይክል የሚተዳደሩ ሠራተኞች ወይም ከኋላ የተቀመጡ መንገደኞች ናቸው። መዝገባችን ላይ ግን «በፍጥነት ሲነዳ» የሚለው ብቻ ከሰፈረ ጋርድነርና ኬርንስ የደረሱበት ዕውቀት ከእኛ ዘንድ አይገኝም። ቆብ አድርጎ ነበርን? ቆቡስ ታስሮ ነበርን? የተጋጨው ከምን ጋር ነው? የወደቀው የት ነው፤ በዚያ ሥፍራስ ከእርሱ በፊት ማን ወደቀ? ያነሣው ማን ነው፤ እንዴትስ አነሣው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ዶክተር ጋርድነር ቆቡን ለመሥራት የተነሡት ከዚህ በሚበልጥ መሣሪያ አልነበረም፤ የሚመጡላቸውን ሕሙማን በማስተዋልና በመቁጠር ነው። ጥፋተኛውን መለየት የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው እንዳይሞት ምን መለወጥ እንዳለበት መጠየቅ ግን የእኛ ነው።