ከጀግኖች መዝገብ የቀረችው አብራሪ



ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ስለ ባለቤቷ ያጫወተችን ነገር ከብዙዎቻችን ልብ አልወጣም። ባለቤቷ ለግዳጅ እንደወጣ አልተመለሰም። ሞቷል ብሎ ያረዳት የለም፤ አለ ብሎ ተስፋ የሰጣትም የለም። ለልጆቿ የሚገባውን ልትጠይቅ በሄደችበት ሁሉ "ማስረጃ አምጪ" ትባላለች። እርሟን እንዳታወጣ ቁርጡ አልታወቀም፤ እንዳትጠብቅ ደግሞ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን ነገሩን ስንሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለን መዝገብ ነው። ሰው የሠራው ሥራና የከፈለው ዋጋ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ እንዳልሠራና እንዳልከፈለ ይቆጠራል።

በዚህ እትም የአንዲት የሩቅ አገር ሴት ታሪክ ልናካፍላችሁ የወደድነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስሟ ሊድያ ሊትቪያክ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሶቪየት ኅብረት የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበረች። በአየር ውጊያ አምስትና ከዚያ በላይ የጠላት አውሮፕላን በመጣል ከሚታወቁት ሁለት ሴቶች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ከመጨረሻ በረራዋ በኋላ አገሯ "ጀግና" ብላ እስክትጠራት ድረስ 46 ዓመት ከ9 ወር አለፈ። ምክንያቱ ድፍረት ማነሷ አልነበረም፤ የሞቷ ማስረጃ መጥፋቱ ነበር። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባቡር ሠራተኛው ልጅ

ሊድያ ኦገስት 18 ቀን 1921 ሞስኮ ውስጥ ተወለደች። በኋላ በአገሪቱ ይኸው ኦገስት 18 የአቪዬሽን ቀን ተብሎ ተሰይሟልና፣ በየዓመቱ የልደቷ ቀን አገር ሁሉ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥበት ቀን ሆነ። በቤትም በጓደኞቿም ዘንድ "ሊሊያ" ትባል ነበር። በዚያ ዘመን የሶቪየት መንግሥት ወጣቶችን በብዛት በበረራ ክበቦች ያሠለጥን ስለነበር፣ ሊሊያ በ14 ዓመቷ አንዱን ክበብ ተቀላቀለች። በ15 ዓመቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በረረች። ትንሽ ቆይታ ራሷ የበረራ አስተማሪ ሆነች።

በ1937 ግን ቤተሰቡ ላይ ትልቅ መከራ ወረደ። የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቷ ቭላዲሚር "የሕዝብ ጠላት" ተብሎ ተያዘ፤ በዚያው ቀረ። የስታሊን ዘመን የጅምላ እስር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ባዶ ያደረገበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ስያሜ በአንድ ሰው ላይ ከተለጠፈ ለሚስቱና ለልጆቹም እንደሚተርፍ "ፀረ ሕዝብ" የሚባልበትን ዘመን ያዩ የእኛ እናቶች አይጠፋቸውም። ልጅቱ ይህን ሸክም ይዛ አደገች። የኋላውን ታሪክ የሚያስረዳንም ይኸው ነው።

ሦስቱ የሴቶች ሬጅመንቶች

ጁን 22 ቀን 1941 የጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ። ብዙ ሴት አብራሪዎች ለመዝመት ቢያመለክቱም መጀመሪያ ላይ የተቀበላቸው አልነበረም። በመካከላቸው የተነሳችው ማሪና ራስኮቫ ናት። ራስኮቫ በ1938 ከሁለት ሴት ባልደረቦቿ ጋር ከሞስኮ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ያለ ማረፍ በርራ በአገሯ ዝነኛ የሆነች መርከበኛ፣ ማለትም የአውሮፕላን አቅጣጫ መሪ ነበረች። በዝናዋ ተጠቅማ መንግሥትን አሳመነችና በኦክቶበር 1941 ሦስት የሴቶች ሬጅመንቶች እንዲቋቋሙ ተፈቀደላት፤ አንዱ የተዋጊ፣ አንዱ የቦምብ ጣይ፣ አንዱ ደግሞ የሌሊት ቦምብ ጣይ።

ሊሊያ ለመመዝገብ ስትሄድ የበረራ ሰዓቷ የሚፈለገውን ያህል አልሞላም ነበር። እሷም ያልበረረችውን መቶ ሰዓት ያህል ጨምራ አስመዘገበች ይባላል። ሒሳብ ለምንሠራ ሰዎች ይህ የሚያስወቅስ ነው! ግን በኋላ ሰማይ ላይ የሠራችው ሥራ ጉድለቱን ከነወለዱ መልሶታል።

ሥልጠናው ቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው ኤንግልስ ከተማ ተሰጠ። ሴቶቹ ጸጉራቸውን አጠር አድርገው እንዲቆረጡ ታዘዙ። የተሰጣቸው ለወንድ የተሰፋ የደንብ ልብስ ነበር። ጫማው እየሰፋባቸው አፍንጫው ላይ ወረቀት ይጠቀጥቁበት ነበር። ሊሊያ በዚህ መካከል ከበረራ ቦት ጫማዋ ላይ ጸጉሩን ቆርጣ ለልብሷ ኮሌታ ሰፋችበት፤ የመንግሥት ንብረት አበላሽተሻል ተብላም ተቀጣች። ወታደር ስትሆን ሴትነቷን በር ላይ ትታ እንድትገባ የጠየቋትን ሁሉ የማትሰማ ልጅ ነበረች።

ስታሊንግራድ

በ1942 መስከረም ወር፣ ማለትም በሴፕቴምበር፣ ሊሊያና ጥቂት ሴት ጓደኞቿ ከሴቶቹ ሬጅመንት ተነስተው ስታሊንግራድ አካባቢ ወደሚዋጋ የወንዶች ሬጅመንት ተዛወሩ። የምታበረው "ያክ 1" የተባለውን አውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኑ አንድ መቀመጫ ብቻ ነበረው። አብራሪዋ መሪውን ትይዛለች፣ ጠላትን ትፈልጋለች፣ መድፉንና መትረየሱን ትተኩሳለች፤ ከጎኗ የሚረዳት ሰው የለም።

በደረሰች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን፣ በአንድ ውጊያ ሁለት የጀርመን አውሮፕላኖችን ጣለች። ስለዚያ ቀን ደጋግሞ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። በጃንጥላ ወርዶ የተማረከው ጀርመናዊ አብራሪ የመታውን ሰው ለማየት ጠየቀ። ይህችን ቀጭን ልጅ ሲያመጡለት ያፌዙበት መስሎት ተቆጣ። እሷ ግን ውጊያው እንዴት እንደተጀመረና እሱ በየት በኩል እንደታጠፈ በእጇ እያሳየች ስታስረዳው ዝም አለ ይባላል።

ጠላት ቢያምናትም የራሷ ወገኖች ቶሎ አላመኗትም። በ1943 መጀመሪያ ከጓደኛዋ ከካትያ ቡዳኖቫ ጋር ወደ 296ኛው ተዋጊ ሬጅመንት ስትዛወር፣ አዛዡ ኒኮላይ ባራኖቭ ሴቶቹን ማስቀረት አልፈለገም ነበር ይላሉ። ከወንዶቹም አንዳንዶቹ አብረው ለመውጣት ያመነቱ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በልመናም በሥራም አሳመኗቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም በራሳቸው ውሳኔ ጠላትን እየፈለጉ እንዲያጠቁ የሚፈቀድላቸው ምርጥ አብራሪዎች ጎራ ገቡ። ሊሊያ በፌብሩዋሪ 1943 "የቀይ ኮከብ" ሜዳይ ተሸለመች። ስሟ በሩስያኛ ከአበባ ስም ጋር ስለሚቀራረብ ኋላ ላይ "የስታሊንግራድ ነጭ አበባ" ተብላለች።

መሬት ላይ ያለችው ሴት

የአብራሪ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሰው አለ፤ እሱም መካኒኩ ነው። የሊሊያ መካኒክ ኢና ፓስፖርትኒኮቫ ትባላለች። እሷም ከራስኮቫ ሴቶች አንዷ ነበረች። አውሮፕላኑን በበረዶ ውስጥ ማዘጋጀት፣ ከበረራ በፊት ሁሉንም መፈተሽ፣ ከበረራ በኋላ በጥይት የተበሳውን መጠገን የእሷ ሥራ ነው። አብራሪዋ ከወጣች በኋላ ደግሞ መሬት ላይ ቆማ ሰማይ ሰማይ እያየች ትጠብቃለች። ከጠባቂነት የከበደ ሥራ እንደሌለ ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም።

የ1943 ጸደይና በጋ ለሊሊያ የሐዘን ወራት ነበሩ። በማርች ወር እግሯን ቆስላ አውሮፕላኗን እንደምንም አሳረፈች። በሜይ መጀመሪያ አዛዡ ባራኖቭ ሞተ። ሜይ 21 ቀን ደግሞ የምትወደው የጦር ጓደኛዋ፣ አብራሪው አሌክሲ ሶሎማቲን ተከስክሶ ሞተ። በዚህ ሁሉ ሐዘን መካከል ሜይ 31 ቀን የማይረሳ ሥራ ሠራች። ጀርመኖች የመድፍ ተኩሳቸውን ለማስተካከል ከበላዩ ሆነው የሚያዩበት በጋዝ የተሞላ ትልቅ ፊኛ ነበራቸው። በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ስለታጠረ ሌሎች ሞክረው አልቻሉም። ሊሊያ ፊት ለፊት መሄዱን ትታ ዞራ በጠላት ጀርባ ገባችና፣ ፀሐይን ከኋላዋ አድርጋ መታችው፤ ፊኛውም ተቃጠለ።

በጁላይ እንደገና ቆሰለች። ጁላይ 19 ቀን ደግሞ ካትያ ቡዳኖቫ በውጊያ ሞተች። ሊሊያ ግን በረራውን አላቆመችም።

ሳትመለስ የቀረችበት ቀን

ኦገስት 1 ቀን 1943 በዶንባስ ግንባር በአንድ ቀን ለአራተኛ ጊዜ ወጣች። አብሯት የነበረው አብራሪ ኢቫን ቦሪሴንኮ ብዙ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ሲከተሏት አየ፤ ከዚያ ደመና ውስጥ ገብታ ከዓይኑ ተሰወረች። ዝቅ ብሎ ቢፈልግም ጭስም ጃንጥላም አላየም። ኢና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ሊሊያ አልመጣችም። 22ኛ ዓመቷን ሊሞላት የቀረው 17 ቀን ነበር።

ሬሳዋም አውሮፕላኗም ስላልተገኘ መዝገቡ ላይ "ደብዛዋ ጠፋ" ተብሎ ተጻፈ። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። ደብዛው የጠፋ ወታደር ለጠላት እጁን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። ጓደኞቿ ኋላ እንደተናገሩት ሊሊያ ከሞት ይልቅ ትፈራ የነበረው ይህንኑ ነው። የአባቷን ታሪክ ታውቃለችና፣ እሷም ሳትገኝ ብትቀር ሰው ምን እንደሚል ገብቷታል። የፈራችው ደረሰ። ልትሸለመው የነበረው "የሶቪየት ኅብረት ጀግና" የሚለው ማዕረግ ደብዛዋ በመጥፋቱ ቀረ። እናቷም ልጇን ባጣችበት ሐዘን ላይ ጥርጣሬ ተጨመረባት።

ኢና ፓስፖርትኒኮቫ ግን ጥበቃዋን አላቆመችም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም የጓደኛዋን ዱካ ፈለገች። በዶንባስ ክራስኒ ሉች ከተማ ቫለንቲና ቫሽቼንኮ የተባለች መምህርት ከተማሪዎቿ ጋር የወደቁ አውሮፕላኖችንና የጠፉ ወታደሮችን ትፈልግ ነበርና ከእነሱ ጋር ተባበረች። ልጆቹ መንደር ለመንደር እየዞሩ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ጠየቁ። በ1979፣ ከ36 ዓመት በኋላ፣ የአንዲት ሴት አብራሪ አፅም ድሚትሪየቭካ በተባለች መንደር ከሌሎች ወታደሮች ጋር በአንድ መቃብር መቀበሩን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይ "ደብዛዋ ጠፋ" የሚለው ቃል "በውጊያ ተሰዋች" በሚል ተተካ። ሜይ 5 ቀን 1990 ፕሬዚዳንት ጎርባቾቭ የጀግና ማዕረጉን ሰጧት።

አፅሙ የእሷ መሆኑን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች ዛሬም አሉ። የጣለቻቸው አውሮፕላኖች ቁጥርም ቢሆን በብዙ ጽሑፎች 12 ይባላል፤ ሰነድ የመረመሩ አንዳንዶች ግን ከዚያ ዝቅ ያደርጉታል። ሒሳቡ አንድ ሁለት ቢዛነፍም ዋናው ነገር አይለወጥም። ሊሊያ ወጥታ አልተመለሰችም፤ ስሟን ከጥርጣሬ ያወጣው ደግሞ መንግሥት ሳይሆን አንዲት መካኒክ፣ አንዲት መምህርትና የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ለእኛስ?

ከታሪኩ ለራሳችን የወሰድነው ይህን ነው። ማስረጃ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው ከሰው እየጠየቀ የሚሰበስበው ነገር ነው። ኢና ሥልጣንም ገንዘብም አልነበራትም። የነበራት ነገር የጓደኛዋን ስም፣ የመጨረሻውን ቀንና አብሯት የበረረውን ሰው ማወቋ ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዛ ተነሳች።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ጀምሮ በማኅበራችን አንድ አዲስ ደብተር እንከፍታለን። ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላት አባል ሁሉ ሙሉ ስሙን፣ የወጣበትን ቀን፣ የነበረበትን ቦታና መጨረሻ ያየውን ሰው ስም ታስመዘግባለች። ያሉትን ወረቀቶች ኮፒ አድርገን በማኅበሩ ካዝና እናስቀምጣለን። ምስክር የሚሆኑ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉና አንዘግይ። ባለፈው ስብሰባ ያጫወተችን እህታችን ከባለቤቷ ጋር የዘመተ አንድ ሰው ክፍለ ሀገር እንዳለ ሰምታለች። የሚሄዱ ሁለት ሴቶች መርጠናል፤ የትራንስፖርቱን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍናል። ደረሰኙ በሒሳብ መዝገባችን ላይ ይሰፍራል፤ እሱ የሚነግረን ደግሞ በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፋል።

በሰላም ያገናኘን።