ዘመናዊ ቴርሞስታት ነዳጅ የሚቆጥበው ከቦይለሩ ጋር ሲናበብ ነው

እንደ ብሪታንያና ኔዘርላንድስ ባሉ የአውሮፓ አገሮች አብዛኛው መኖሪያ ቤት በቅዝቃዜው ወራት የሚሞቀው በተፈጥሮ ጋዝ በሚሠራ ቦይለር ነው። ቦይለሩ ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ግድግዳ ወደተገጠሙት ራዲያተሮች በቧንቧ ይልካል፤ ሙቀቱን ሰጥቶ የቀዘቀዘው ውሃም ዳግም ለመሞቅ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በአውሮፓ የጋዝ ዋጋ በእጅጉ በናረበት ወቅት የማሞቂያ ወጪ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ከባድ ሸክም ሆኖ ነበር። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የዚሁ ወጪ ተካፋዮች ናቸው።

ወጪን ለመቀነስ ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ በተለምዶ ስማርት ቴርሞስታት የሚባለው ዘመናዊ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱና በሞባይል ስልክ መታዘዙ ብቻውን የቦይለሩን አሠራር አያሻሽልም። ዋናው ቁም ነገር ከቦይለሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው።

ነባሩ ቴርሞስታት የማብሪያና የማጥፊያ ሥራ ብቻ ያከናውናል። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ቦይለሩን ያበራል፣ ሲሞቅ ያጠፋል። ቦይለሩም በበራ ቁጥር፣ የውጭው ቅዝቃዜ ቢበረታም ባይበረታም፣ ውሃውን አስቀድሞ ወደተወሰነለት ከፍተኛ ሙቀት፣ ለምሳሌ ወደ 70 ወይም 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ይሠራል።

ከቦይለሩ ጋር የሚናበበው ቴርሞስታት ግን የሚያስተላልፈው መልእክት የተለየ ነው። ክፍሉ ከተፈለገው ሙቀት ምን ያህል እንደራቀ አስልቶ ቦይለሩ ውሃውን እስከ ስንት ዲግሪ ማሞቅ እንዳለበት ያሳውቃል። ቦይለሩም በዚሁ መጠን ነበልባሉን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ለምሳሌ ከፍተኛ አቅሙ 30 ኪሎ ዋት የሆነና እስከ አንድ አሥረኛ ዝቅ ማለት የሚችል ቦይለር በ3 ኪሎ ዋት ብቻ ሳያቋርጥ ሊሠራ ይችላል። በዚህም ቦይለሩ በተደጋጋሚ ከመብራትና ከመጥፋት ይድናል፤ የክፍሉ ሙቀትም አይዋዥቅም።

ከፍተኛው ጥቅም የሚገኘው ኮንደንሲንግ በሚባለው ቦይለር ነው። ጋዝ ሲቃጠል የውሃ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ከጋዙ ጠቅላላ የሙቀት ኃይል 10 በመቶ ያህሉም በዚሁ እንፋሎት ውስጥ ይገኛል። ከራዲያተሮች የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ተለውጦ የያዘውን ሙቀት ለቤቱ ማሞቂያ ይሰጣል። የሚመለሰው ውሃ ከዚህ በላይ ትኩስ ከሆነ ግን ይህ ሙቀት በጭስ መውጫው ይባክናል።

ለዚህ ንባብ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች መካከል ኦፕንተርም የተባለው ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው የኦፕንተርም ማኅበር የሚያስተዳድረው ይህ ደንብ የተለያዩ አምራቾች ቴርሞስታትና ቦይለር በሁለት ሽቦዎች መረጃ እንዲለዋወጡ ያስችላል። በአንጻሩ የራሳቸውን ስልት ብቻ የሚጠቀሙ አምራቾች አሉ። ዋጋው ውድ የሆነ ዘመናዊ ቴርሞስታትም በማብሪያና ማጥፊያ መስመር ብቻ ከተገጠመ ነበልባሉን መቆጣጠር አይችልም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው የማሞቂያ መሣሪያዎች የኃይል ደረጃ መለያ መሠረት፣ የማብሪያና ማጥፊያ ቴርሞስታት ለማሞቂያው ብቃት የሚያስገኘው ጭማሪ 1 በመቶ ሲሆን፣ ነበልባሉን የሚመጥነው የክፍል ቴርሞስታት 3 በመቶ፣ የውጭውን አየር ሙቀት ጭምር የሚያነበው ደግሞ 4 በመቶ ነው። ቁጥሮቹ አነስተኛ ቢመስሉም ወጪው በየዓመቱ የሚደጋገም በመሆኑ ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦችም አሉ። የውሃው ሙቀት ዝቅ ሲል ቤቱ ለመሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ራዲያተሮቹ ትንንሽ ከሆኑም በብርቱ ቅዝቃዜ ወቅት ላይበቃ ይችላል። ለመታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውሃ በበርሜል በሚጠራቀምበት ቤት ደግሞ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ውሃው በ60 ዲግሪ ገደማ መቀመጥ ይኖርበታል።

በመሆኑም ገዢው አስቀድሞ የቦይለሩን መመሪያ በማየት የትኛውን የመገናኛ ዘዴ እንደሚቀበል ማረጋገጥ፣ ገጠማውንም ፈቃድ ላለው ባለሙያ መስጠት ይገባዋል። አዲስ መሣሪያ መግዛት የማይችል ቤተሰብም ኮንደንሲንግ ቦይለር ካለው፣ የማሞቂያውን ውሃ ሙቀት በቦይለሩ መቆጣጠሪያ ዝቅ በማድረግ ያለ ተጨማሪ ወጪ የጥቅሙ ተቋዳሽ ሊሆን ይችላል።