የጓሮ መሬትን በፀረ አረም ኬሚካል ማጽዳት፦ የጤና አደጋዎቹና ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ክረምቱ ሲያልፍ ጓሮ ሁሉ ለምለም ነው፤ ችግሩ ለምለም የሆነው አረሙ መሆኑ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሳይኮተኮት የከረመ የጎመን ወይም የድንች መደብ መስከረም ላይ ሙጃና መጭ እስከ ወገብ አድጎበት፣ ከሥር ሰርዶ ተጠላልፎበት ይገኛል። ጉልበት ወይም ጊዜ ያጠረው ሰው ይህን ጊዜ ለጤፍ ወይም ለስንዴ ተገዝቶ የተረፈውን የአረም ኬሚካል ያስታውሳል። ጓሮ ግን ማሳ አይደለም። ከማድ ቤቱ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ዶሮ የሚጭርበት፣ አንዳንዴም የውኃ ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ነው።

ሰዎች ስለ ፀረ አረም ሐኪም ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ካንሰርን ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሰው የሚያመጣው ግን ሌላ ነው፦ በእጅ ላይ የፈሰሰ፣ ዓይን ውስጥ የገባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውኃ ሃይላንድ ተቀድቶ የተቀመጠና ሰው ሳያውቅ የጠጣው ኬሚካል። በጓሮ ውስጥ ትልቁ አደጋ የተረጨው ቅጠል ላይ ሳይሆን ገና በውኃ ያልተበጠበጠው ጠርሙስ ላይ ነው።

የያዙት የትኛው ኬሚካል ነው?

በእኛ አገር ፀረ አረሙም፣ ፀረ ተባዩም፣ የአይጥ መርዙም በአንድ ስም «መድኃኒት» ይባላል። በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብም «መድኃኒት ጠጥቶ ነው» ይላል። ለሐኪም ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ሕክምናው እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ይለያያልና። ስለዚህ ከመርጨትዎ በፊት የጠርሙሱን መለያ ያንብቡ፤ ካልቻሉ ማንበብ የሚችል ሰው ያስነብቡ። መለያ የሌለውን አይግዙ። ያልተመዘገበ ኬሚካል በገበያ ላይ እንዳይውል በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ተደንግጓል፤ መለያው የተላጠ ጠርሙስ ደግሞ ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም።

ቱ ፎር ዲ በጤፍና በስንዴ ማሳ የታወቀ ነው። የሚገድለው ቅጠለ ሰፊ አረምን ሲሆን የሣር ዘርን አይነካም። ጤፉ የሚተርፈው ለዚህ ነው። ለጓሮ ግን በዚሁ ምክንያት አይሆንም፦ ሙጃና ሰርዶ ሣር ስለሆኑ አይሞቱም፤ ጎመን፣ ድንች፣ ቲማቲምና ባቄላ ግን ቅጠለ ሰፊ ስለሆኑ ነፋስ ያመጣው ጭጋግ ብቻ ያጠወልጋቸዋል። ለሰው ደግሞ ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል። ከተዋጠ ትውከት፣ የጡንቻ መድከምና ራስን መሳት ያስከትላል።

ግላይፎሴት (ራውንድአፕና ሌሎች የንግድ ስሞች አሉት) አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ እስከ ሥሩ ያደርቃል። ውጤቱ ለመታየት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ብዙ ሰው ማግስቱን ምንም ለውጥ ሲያጣ «አልሠራም» ብሎ ደግሞ ይረጫል። አፈር ውስጥ ያለውን የአረም ዘር ግን አይገድልም። ከቆዳ ጋር ሲነካካ ብዙም ወደ ሰውነት አይዘልቅም፤ ያልተበጠበጠው ከተዋጠ ግን አፍና ጉሮሮን ያቆስላል፣ ያስታውካል፣ መጠኑ ከበዛ የደም ግፊትን ጥሎ ኩላሊትን ይጎዳል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚጨመርበት ሳሙና መሰል ነገር ነው።

ሦስተኛው ፓራኳት ነው፤ ግራሞክሶን በሚለው ስሙ ይታወቃል። ይህንን ወደ ጓሮዎ ባያስገቡ እመርጣለሁ፤ እንዲያውም እለምንዎታለሁ። ትንሽ ከተዋጠ እንኳ ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻም የለውም። ክፋቱ በመጀመሪያው ቀን የአፍና የጉሮሮ ቁስል ብቻ ያሳይና ሰውየው እየተናገረ፣ እየሄደ «ደህና ነኝ» ማለቱ ነው። ኩላሊቱ በሚቀጥሉት ቀናት ይደክማል፤ ሳንባው ቀስ በቀስ እየጠነከረ መተንፈስ ያቅተዋል። የተሰነጠቀ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ ለረጅም ሰዓት ከቆየም በዚያ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ የሚያፈስስ መርጫ ጀርባ ላይ ማዘል እንዲህ ያደርጋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይፈቀድም።

ከእነዚህ ሌላ አንድ ነገር አለ። መርጫው ከጎረቤት የተዋሰ ከሆነ ባለፈው ሳምንት እንደ ማላታይን ያለ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። የእነዚያ መርዝ የተለየ ነው፦ ምራቅና ላብ ይበዛል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ደረት ያፍናል፣ ያስቀምጣል። ለእሱ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለፀረ አረም ግን አትሮፒን አይሠራም። ስሙን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ ይረዱታል።

በእርግጥ ኬሚካል ያስፈልግዎታል?

የአረም ሳይንስ ሙያዬ አይደለም፤ ግን የጓሮው ስፋት ጥቂት ክንድ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ወገብ የደረሰ አረም ከመረጩም በፊት መታጨድ አለበት፤ ኬሚካሉ የሚሠራው ገና በማደግ ላይ ባለ ቅጠል ላይ ነውና። ማጭድ ካነሡ አይቀር ደግሞ ሙጃና መጭ ዓመታዊ አረሞች ናቸው፤ ዘር ሳይጥሉ ቢታጨዱና በዶማ ቢገለበጡ ያልቃሉ። አስቸጋሪው ሰርዶ ነው። እሱንም በጥርና በየካቲት ደረቅ ወራት መሬቱን ገልብጦ ሥሩን ለፀሐይ ማስጣት፣ እየለቀሙ ማውጣትም፣ ያዳክመዋል። የቀረውን በወፍራም ገለባ፣ በካርቶን ወይም በጥቁር ላስቲክ ለሳምንታት ሸፍኖ ማቆየት ይቻላል። ሲያጭዱ ጓንት ያድርጉ፤ ሳማው ብቻ ሳይሆን አስተናግርም ሊኖር ይችላል። አስተናግርን ነክተው ዓይንዎን አይሹ፤ ፍሬውንም ከልጆች ያርቁ።

ለመርጨት ከወሰኑ

ከሁሉም አደገኛው ሰዓት የመበጥበጫው ሰዓት ነው። በመርጫው ውስጥ ያለው ብዙ ውኃና ትንሽ ኬሚካል ነው፤ በክዳኑ ሲለኩት የነበረው ግን በሊትር 360 ወይም 480 ግራም ግላይፎሴት የያዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የላስቲክ ጓንትና የዓይን መነጽር ከምንም በፊት ለዚህ ሰዓት ያስፈልጋሉ። የጨርቅ ጓንት ኬሚካሉን መጥጦ ቆዳ ላይ ስለሚያቆየው ከባዶ እጅ ሊከፋ ይችላል። በነጠላ ወይም በፎጣ አፍና አፍንጫን መጠምጠምም እንዲሁ ነው፤ ከራሰ በኋላ ፊትዎ ላይ የታሰረ የኬሚካል ጨርቅ ይሆናል። እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበሱ፤ ቦት ጫማ ያድርጉ፤ ሱሪውን ከቦቱ ውጭ ያውጡት፤ አለበለዚያ የሚወርደው ሁሉ እግርዎ ላይ ይጠራቀማል።

የኩሽና ዕቃ፣ ጣሳ፣ ማንኪያ ለመለኪያ አይጠቀሙ። መርጫው ሲደፈን ቀዳዳውን በአፍ መንፋት በገጠሩ የተለመደ ነው፤ ፈጽሞ አያድርጉት። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ይርጩ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በአካባቢው አይኑሩ። ጓሮው ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሊነቅሉ ከሚያልፉበት መስክ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በዚያ ሰሞን መርጨቱን ይተዉት።

ሲጨርሱ ከመብላትዎና ከመጠጣትዎ በፊት ሰውነትዎን በሳሙና ይታጠቡ። ልብሱን ከቤተሰቡ ልብስ፣ በተለይ ከሕፃን ልብስ ለይተው ያሳጥቡ፤ የምታጥበውም ሴት ምን እንደነካው ትወቅ፣ ጓንት ታድርግ። ከረጩ በኋላ ወተት መጠጣት መርዙን ያረክሳል የሚባለው እውነት አይደለም። ወተቱ አይጎዳዎትም፤ ግን ተማምነውበት መታጠቡን እንዳይተዉ።

ጓሮ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፦ አረም መሃል የበቀለ ጎመን ይቀጠፋል፣ ሳማ ለወጥ ይቀቀላል፣ የታጨደው ሣር ለላም ይሰጣል። ከተረጨ በኋላ ከዚያ መደብ ምንም አይቀጠፍ። ከብት መቼ ሊገባበት፣ አትክልትስ መቼ ሊተከልበት እንደሚችል መለያው ላይ የተጻፈውን ቀን ይከተሉ፤ ግልጽ ካልሆነልዎ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። ከጉድጓድና ከምንጭ አጠገብ አይርጩ፤ መርጫውንም ወንዝ ውስጥ አይጠቡ።

ካንሰርን በተመለከተ

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን «ምናልባትም ካንሰር አምጪ» ብሎ ሲመድብ፣ ቱ ፎር ዲን ከዚያ ዝቅ ባለ ምድብ አስቀምጦታል። የአውሮፓና የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ግን የግላይፎሴትን ምድብ አልተቀበሉም። ተቋሙ የሚመዝነው «ሊያመጣ ይችላል ወይ?» የሚለውን ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ የሚመዝኑት «በዚህ መጠን ለሚነካካው ሰው ምን ያህል ያሰጋል?» የሚለውን ነው። የእኔ አስተያየት፦ በዓመት አንድ ጊዜ ተጠንቅቆ ጓሮውን የረጨ ሰው እንቅልፍ የሚያሳጣው ነገር አይደለም። በየክረምቱ ያለ ጓንት ለቀን ሥራ የሰው ማሳ የሚረጨው ወጣት ግን ያሳስበኛል።

አደጋ ከደረሰ

ልብስ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው አውልቀው ቆዳውን በብዙ ውኃና ሳሙና ይጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሽፋሽፍቱን ከፍተው ቢያንስ 15 ደቂቃ ንጹሕ ውኃ ያፍስሱበት፤ ከዚያ ሕመሙ ቢቀንስም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከተዋጠ አያስታውኩት። ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት፣ የጨው ወይም የሳሙና ውኃ ማጠጣት ጉሮሮውን ዳግም ያቆስላል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት፣ እንቁላል፣ አረቄ አይስጡት። ራሱን ከሳተ በግራ ጎኑ ያስተኙት። ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ምልክት እስኪታይም ሳይጠብቁ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያድርሱት፤ ጠርሙሱንም አብረው ይዘው ይሂዱ፣ ካልቻሉ መለያውን በስልክ ፎቶ ያንሡት። በመጀመሪያው ሰዓት ከደረሰ ለሕክምና የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ የምድጃ ከሰል አይደለምና ቤት ውስጥ አይሞክሩት። ፓራኳት ከሆነ ቶሎ ይናገሩ፦ ለሌላ በሽተኛ የምንሰጠው ኦክስጅን እንኳ ያለ በቂ ምክንያት ከተሰጠ በፓራኳት የተጎዳን ሳንባ ያባብሳል።

የተረፈውን የት ያስቀምጡታል?

ወደ ሃይላንድ፣ ወደ ለስላሳ ጠርሙስ ወይም ወደ ዘይት ጀሪካን አይገልብጡ። ልጅ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው፤ ከሥራ ተጠምቶ የገባ አዋቂም በጨለማ ያነሣዋል። በራሱ ጠርሙስ፣ በቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ ከመኝታና ከእህል ርቆ ይቀመጥ።

ቁልፉ ለሌላም ምክንያት ያስፈልጋል። በጭንቀት ወይም በጠብ ሰዓት ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ቅርቡ ያገኘውን ያነሣል፤ ያ ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። ስሪላንካ ከ2008 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ፓራኳትንና ሌሎች ሁለት አደገኛ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ በመርዝ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ቀንሷል። በቤትዎ ተስፋ የቆረጠ ወይም ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ካለ ኬሚካሉን ዛሬውኑ ከቤት ያውጡ፣ ሰውየውን ብቻውን አይተዉት፣ ወደ ጤና ተቋምም ይዘውት ይሂዱ። ለጓሮ የሚበቃውን ያህል ብቻ፣ ባለው ትንሹ ጠርሙስ መግዛትም ይህን ሁሉ ያቀልላል።

ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁትና እጣቢውን ወደ መርጫው ይመልሱት። ከዚያ በሚስማር ብሱት፤ ካልተበሳ አንድ ሰው ወይ ለጋዝ ወይ ለጠላ ይወስደዋል። ማድ ቤት ውስጥ አያቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው።