ለሁለት የተከፈለ ቁጥር፦ የሲያትሉ ዲበግ ያቆየው ልማድ

የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ1978 ገበያ ላይ ሲውል እያንዳንዱ ሬጅስተር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የቁጥር ማስቀመጫ፣ የሚይዘው 16 ቢት ብቻ ነበር። ከ65,535 የሚበልጥ ቁጥር በአንዱ ስለማይገባ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሬጅስተሮች ይቀመጣል። ታዲያ የፕሮግራም ስህተት የሚፈለግበት መሣሪያ፣ ማለትም ዲበገሩ፣ ግማሾቹን ገጥሞ ያሳይ ወይስ እንደተከፈሉ ይተዋቸው? በብዙ ሰው እጅ የገባው መልስ የተሰጠው ሲያትል አካባቢ ነው። ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ የተባለው አነስተኛ ድርጅት የ8086 ካርድ ሠርቶ መሸጥ ቢጀምርም ካርዱን የሚያሠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በማጣቱ፣ ወጣቱ መሐንዲስ ቲም ፓተርሰን በ1980 ራሱ ጻፈው። ዲበግ የተባለው ዲበገርም የእሱ ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት በጁላይ 1981 የሥርዓቱን ባለቤትነት ጠቅልሎ ገዛ፤ በቀጣዩ ወር የአይቢኤም ፒሲ ሲወጣ ዲበግም ዶስ ከተባለው ከዚሁ ሥርዓት ጋር አብሮ ወጣ።

ዲበግ የመረጠው ሳይገጥሙ ማሳየትን ነው። 400 በ400 ሲባዛ ፕሮሰሰሩ 160,000ን ዲኤክስና ኤኤክስ በተባሉ ሁለት ሬጅስተሮች ያስቀምጣል። ተጠቃሚው «አር» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጥ የሚያየው ግን በ16 መሠረት የተጻፉ ሁለት ቁጥሮችን ነው፦ ኤኤክስ 7100፣ ዲኤክስ 0002። 160,000 የሚባል ነገር ማያው ላይ የለም። ይህን የማስታወሻ ማነስ ያስከተለው ጉድለት ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም የመጀመሪያው ፒሲ በ16 ኪሎባይት ብቻ ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ ያው ዲበግ የፕሮሰሰሩን የሁኔታ ምልክቶች የያዘውን ሬጅስተር እንደ ቁጥር አላሳየም። በስምንት አጫጭር ስሞች ዘርዝሮ፣ ውጤቱ ዜሮ ከሆነ «ዜድአር»፣ ካልሆነ «ኤንዜድ» እያለ ተርጉሞ ያቀርበው ነበር። ለዚህ ትርጉም ቦታ ከተገኘ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አያይዞ ለመጻፍ ቦታ አይታጣም ነበር። ልዩነቱ ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። የዜሮ ምልክት ሁልጊዜ የዜሮ ምልክት ነው፤ ዲኤክስ ግን ከማባዛት በኋላ የአንድ ትልቅ ቁጥር ግማሽ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ትእዛዝ ደግሞ ራሱን የቻለ የመሣሪያ አድራሻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድ ቁጥር መሆናቸው ሬጅስተሮቹ ውስጥ አልተጻፈም፤ የሚያውቀው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው።

አድራሻዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በ8086 የማስታወሻ አድራሻ የሚገኘው የአንዱን ሬጅስተር ቁጥር በ16 አባዝቶ የሌላውን በመደመር ነው። ዲበግ ድምሩን ትቶ ሁለቱን ክፍሎች በሁለት ነጥብ ለይቶ ይጽፋል። 1000፡0100 እና 1010፡0000 ተደምረው የሚያርፉት አንድ ቦታ ላይ ቢሆንም ፕሮግራሙ የደረሰባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ድምሩ ብቻ ቢታይ ይህ ልዩነት፣ ምናልባትም የሚፈለገው ስህተት ራሱ፣ ይሰወር ነበር።

በአንጻሩ፣ መሣሪያ ድካምን ካላቀለለ ለምን ተሠራ የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተቃውሞውም ሚዛን ይደፋል። ዲበግ አንድ ፋይል ሲጭን መጠኑን የሚያስቀምጠው በቢኤክስና በሲኤክስ ሬጅስተሮች ከፍሎ ነው፤ 70,000 ባይት ከሆነ ቢኤክስ 0001፣ ሲኤክስ 1170 ይሆናሉ። ሲኤክስን ብቻ አስተካክሎ በቢኤክስ የቀረውን የረሳ ሰው፣ ፋይሉን መልሶ ሲጽፍ መጠኑ ካሰበው በ65,536 ባይት ወይም ከዚያ በላይ ይተልቅበታል። እዚህ ላይ ዲበግ መከላከያ የለውም። ጥንዱን የመሠረተው ራሱ ነውና የሁለቱን ትርጉም ያውቅ ነበር፤ የሚያውቀውን ገጥሞ ማሳየት ነበረበት።

በግምት መግጠም ግን ከዚህ የከፋ ነው። በ32 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሬጅስተር ቁጥር ተራ ከኢኤኤክስ ቀጥሎ የሚመጣው ኢሲኤክስ ሲሆን፣ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ግን በኢኤኤክስ የጀመረውን የ64 ቢት ቁጥር ቀሪ ግማሽ በኢዲኤክስ ያስቀምጣል። ተራውን ብቻ ተከትሎ ሁለቱን የሚያያይዝ ዲበገር በፕሮግራሙ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረ ቁጥር ያሳያል፤ ተጠቃሚውም የሌለ ስህተት ሲያሳድድ ይውላል። መፍትሔ የሆነው የኮምፓይለሩ ምስክርነት ነው። ድዋርፍ የተባለው የዲበግ መረጃ አጻጻፍ የአንድ ተለዋዋጭ እያንዳንዱ ክፍል በየትኛው ሬጅስተር እንዳለና ስንት ባይት እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት የሠራው ዊንዲቢጂም በ32 ቢት ኢንቴል ላይ የአንድን ተግባር ምላሽ በ64 ቢት አሳየኝ ሲባል ኢዲኤክስንና ኢኤኤክስን ገጥሞ ያቀርባል። ይህን የሚያደርገው ተጠይቆ ነው፤ ምላሹ 64 ቢት መሆኑን ያወቀው ጠያቂው ነውና።

ስለዚህ ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የሲያትሉ ልማድ እንደ ኋላቀርነት ሊታይ አይገባም። ዲበገር መግጠም ያለበት ምስክር ሲኖረው ነው፤ ሲገጥምም ክፍሎቹን ከአጠገቡ ይጻፍ። ምስክር ከሌለው ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ያሳይና ፍርዱን ለፕሮግራመሩ ይተው።