ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፦ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት እስከ ምክር ቤት

ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ባለቅኔ፣ መምህር፣ የቴአትር ደራሲና የምክር ቤት ሰው ነበሩ። የሁሉም ሥር ግን ቅኔ ነው።

ደብረ ኤልያስ ከጎጃም ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዷ ናት። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ ተማሪ ቁራሹን ለምኖ ሲመለስ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይታረማል፣ እንደገናም ይጀምራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው እንዲህ እየተፈተነ ነው። በዚህ ጉባኤ ያደገ ሰው ኃይለኛ ፊት ቆሞ እውነቱን በኅብር መናገርን ይለምዳል። ለዮፍታሔም ትልቁ ስንቅ ይኸው ነበር።

ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አገለገሉ፤ አስተማሩም። ጊዜው የለውጥ ጊዜ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ሥልጣኔ ናፋቂ ምሁራንን ቢያሰባስብም ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር። ቴአትር ግን ፊደል ላልቆጠረውም ይደርሳል። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘ ቴአትር መኳንንቱን የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዶ ነበር። ዮፍታሔ በዚህ መድረክ ላይ «እያዩ ማዘን»ን፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»ንና ሌሎችንም ጻፉ። በአማርኛ ቴአትር ታሪክ ግጥምን የመድረክ ቋንቋ በማድረግ የእሳቸውን ያህል የሠራ የዘመኑ ደራሲ ማግኘት ያስቸግራል።

አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለደረሰው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የሰጡትም እሳቸው ናቸው። መዝሙሩ በ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ ሥርዓቱ እስከ ወደቀበት ጊዜም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሱ። «አፋጀሽኝ» የተሰኘው ቴአትራቸው የዚያን የወረራ ዘመን መከራ የያዘ ነው።

በመጨረሻም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያን ጊዜ የምክር ቤቱን አባላት የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም፤ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ መምረጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዮፍታሔ ያንን ሳያዩ በ1939 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው አረፉ። የሕይወታቸውንና የድርሰታቸውን ታሪክ አጥንቶ የጻፈው ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ ነው፤ ጥናቱም በመጽሐፍ ታትሟል።