ሁለቱ የቀለም ቀንዶች

የቀድሞው ቁም ጸሐፊ ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ለመጻፍ በተቀመጠ ጊዜ፣ ከአጠገቡ ሁለት የከብት ቀንዶች ሹል ጫፋቸው በመሬት ተተክሎ ይቆሙ ነበር፤ በአንደኛው ጥቁር፣ በሁለተኛው ቀይ ቀለም ይቀዳል፣ ቀለሞቹም እንዳይደፈራረሱ ለየራሳቸው የተቀረጸ የመቃ ብርዕ ነበራቸው። በትምህርት የጠለቀውን ሊቅ «የቀለም ቀንድ» ብለን የምናመሰግንበት ቃል ከዚህ ትሑት ዕቃ የተነሣ ይመስለኛል። አማርኛችን ለመጻፊያውም፣ በዓይን ለሚታየው ኅብርም፣ ከመምህር ለሚገኘው ዕውቀትም «ቀለም» የሚለውን አንዱን ስም ማካፈሉ፣ ያስተማረንንም ሰው «የቀለም አባት» ማሰኘቱ፣ የእነዚህን ቀንዶች ክብር ይመሰክራል።

ጥቁሩ የትዕግሥት ሥራ ነው። ከምጣድና ከድስት ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ፣ እስኪከስል የተቆላ እህልና የተወቀጠ ቅጠል በውሃ ተለውሶ፣ ለወራት ሲታሽና ሲብላላ ከቆየ በኋላ ደርቆ ይቀመጣል፤ ጸሐፊውም ሲያስፈልገው ቆርሶ በውሃ ያሟሟዋል። ቀዩ ግን ከአበባ፣ ከሥራ ሥርና ከማዕድን በጭንቅ የሚገኝ፣ ኋላም በነጋዴ እጅ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ነበረ፣ በጠብታ የሚቈጠር ነገር ነበር።

እንግዲህ ገጹ የሚያጌጥበትን ኅብር መምረጥ ለጸሐፊው ደስታ የተተወ አልነበረም። ጸሐፊው በልቡ አረንጓዴን ወይም ሰማያዊን ከሁሉ አብልጦ ይወድ ይሆናል፤ ነገር ግን መጽሐፉ የሚነበበው በማኅበር ነውና፣ ንባቡ በጥቁር፣ ክብሩ በቀይ እንዲሆን ከአበው የተላለፈ ሥርዓት ነበረ። የመጽሐፉ አርእስትና የመጀመሪያዎቹ መስመሮች፣ የእመቤታችን ስም፣ ገድሉ የተጻፈለት ጻድቅ ወይም ሰማዕት ስም በቀይ ይጻፋሉ፤ አኃዞቹ ከላይና ከታች በቀይ ጭረት ይታጠራሉ፤ የምዕራፉ መዝጊያ ነጥብም በጥቁርና በቀይ ይቈነጃል። በመጽሐፈ ቅዳሴ ደግሞ ቀዩ ከክብር አልፎ መሪ ይሆናል፤ «ይበል ካህን»፣ «ይበል ዲያቆን»፣ «ይበል ሕዝብ» የሚሉት ትእዛዛት ከንባቡ በቀለም ስለሚለዩ፣ በጧፍ ብርሃንና በዕጣን ጢስ መካከል ቆሞ የሚያነበው አገልጋይ፣ ተራው የሚለወጥበትን ሥፍራ ፊደሉን ሳይለይ በቀለሙ ያውቃል።

ጸሐፊው ጥቁሩን ሲያካሂድ ቀዩ የሚገባበትን ሥፍራ ባዶ ትቶ ያልፍና ኋላ ተመልሶ የሚሞላበት ጊዜም ነበረ። ቀለሙ አልቆበት ይሁን ዕድሜው፣ ሳይመለስበት የቀረው መጽሐፍ ዛሬም ይገኛል፤ አንባቢውም በልመናው መካከል ስም ከሌለው ቅዱስ ጋር ይገናኛል።

ይህ የጠበቀ ሥርዓት የሰው ፈቃድ የሚገባባት አንዲት ቀዳዳ ነበረችው፤ እርሷም የባለ መጽሐፉ ስም ናት። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው፣ ብዙ ጊዜ በክርስትና ስሙ፣ በጸሎቱ ቃል ውስጥ ከቅዱሳኑ ጋር በቀይ ይገባል። መጽሐፉ የተሸጠ ወይም የተወረሰ እንደ ሆነ ግን፣ ብራና ተፍቆ መጻፍን ይችላልና፣ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በካራ አስፍቆ የራሱን ያስገባል። በእኔ አስተያየት፣ የመጻሕፍታችንን ታሪክ ለሚመረምር ሰው፣ ከሐረጉና ከሥዕሉ ጌጥ ሁሉ ይልቅ፣ ይህች ደጋግማ ተፍቃ የሳሳች፣ ወደ ፀሐይ ቢያነሧት ብርሃን የምታሳልፍ የቆዳ ገላ ብዙ ትናገራለች፤ ሁለት ሦስት ትውልድ በአንዲት የቀይ ሥፍራ ተሻምቶባታልና።

ሠዓልያኑ ሌላ ነጻነት ነበራቸው። ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው የነርሱ ድርሻ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ በጎንደር ያበበው አሣሣል ኅብርን በኅብር ላይ እየደረበ ጥላና ብርሃን እስከ መስጠት ደረሰ። ይሁን እንጂ ሥዕሉ እንዲህ ያማረበት መጽሐፍ እንኳ ቅጠሉ ተገልጦ ወደ ንባቡ ሲመለስ፣ የሚገኘው ያው ጥቁርና ቀይ ነው።

ሥርዓቱ ብራናውን ለቆ ወደ ወረቀት በተሻገረ ጊዜም አልጠፋም። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሊቅ በሮማ ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኰሳት ቋንቋውን ተምሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ያወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ፊደሉ ከብረት፣ አታሚው ባዕድ ሳለ፣ መጽሐፉ በጥቁርና በቀይ ታተመ። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የማተም ሥራ ሲሰፋ፣ ዳዊቱና ውዳሴ ማርያሙ ቀዩን ይዘው ወደ ማተሚያ መኪና ገቡ። ጥቁሩና ቀዩ አብረው አይታተሙም ነበርና አንዱ ወረቀት ሁለት ጊዜ ማለፍ ነበረበት፤ ወረቀቱ በሁለተኛው ማለፍ ጥቂት የተንሸራተተ እንደ ሆነ፣ ቀዩ ስም ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ጎረቤቱን ፊደል ነክቶ ይወጣል። አታሚውም ሳያስበው የቁም ጸሐፊውን ልማድ ወረሰ፤ በመጀመሪያው ማለፍ ወረቀቱ ጥቁሩን ብቻ ተቀብሎ ይደረደራል፣ በንባቡ መካከልም ለእመቤታችን ስም የተተወው ሥፍራ፣ ቀዩ እስኪመጣ ድረስ፣ ባዶውን ይቆያል።